ከናንት እስከ ብሬስት፣ ያለ እኔ

ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የሚከፍት ሰው ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይወቅ፦ ወዳጄን ማኑን ብስክሌት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሃያ ስምንት ዓመት በቶሮንቶ ታክሲ የነዳ ሰው በሁለት ጎማ ላይ መቆም አይችልም ነበር። የዛሬ አራት ዓመት ሐኪሙ ስለ ስኳሩ አስፈራርቶት ወደ እኔ መጣ። ያኔ እሱ ስድሳ፣ እኔ ስድሳ አምስት። መኪና ወደማይገባበት ወደ ሌስሊ ስፒት ወሰድኩት። ፔዳሎቹን ፈታሁና በእግሩ መሬት እየገፋ እንዲንሸራተት አደረግኩት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ። ከዚያ ፔዳሎቹን ገጠምኩ። እኔ መቀመጫውን ከኋላ ይዤ እሮጣለሁ፣ እሱ "መምህር፣ እንዳትለቀኝ!" እያለ ይጮኻል። ከለቀቅኩት ቆይቼ ነበር።

ፈረንሳይንም ያሰብኩት እኔ ነኝ። ከናንት እስከ ብሬስት የሚሄድ አሮጌ የጀልባ ቦይ አለ። በዳር በዳሩ፣ ድሮ ጀልባ የሚጎትቱ ፈረሶች ይሄዱበት በነበረው ላይ፣ የኮረኮንች መንገድ ተዘርግቷል። ሦስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር፤ መኪና የለም፣ ጡሩምባ የለም። ሦስት የበረዶ ወቅት ሙሉ ካርታ ላይ ተቀምጬ አጠናሁት።

ደብተሩ የተጀመረው ግን ለዚህ አይደለም። ዓርብ ዕለት የቀኝ ዓይኔ ሬቲና ተላቅቆ ተገኘና በቀዶ ጥገና ለጠፉልኝ። ተጭኖ እንዲይዘው ዓይኔን በጋዝ አረፋ ሞሉት። ለአንድ ሳምንት ፊቴን ወደ መሬት ደፍቼ መኖር አለብኝ። ሐኪሟ የማየውን በየቀኑ እንድመዘግብ አዛኛለች። ደብተሩን ወለል ላይ ዘርግቼ በግራ ዓይኔ እጽፋለሁ።

ዛሬ በቀኝ ዓይን የታየኝ፦ ብርሃን። የእጄ ጥላ። ሌላ የለም።

ሰኔ 16

አረፋው ሟሙቶ እስኪጠፋ አውሮፕላን ክልክል ነው። ከፍታ ላይ ይነፋና ዓይኑን ያጠፋዋል። መቼ እንደሚጠፋ ጠየቅኩ። ስምንት ሳምንት። ቆጠርኩ፦ ነሐሴ 9። በረራችን ነሐሴ 3 ነው።

በስድስት ቀን።

ሰኔ 19

ማኑ ሊጠይቀኝ መጣ። ብቻውን አይደለም። ሰው የማውቀው በጫማ ስለሆነ፣ ከማኑ ጥቁር ጫማ አጠገብ አዲስ ነጭ ጫማ አየሁ። ስምዖን ነው። ባለፈው ዓመት ወደ ቤተ ክርስቲያናችን የመጣ፣ ኢቶቢኮ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሱፐርቫይዘር የሆነ፣ ብስክሌቱን በአንድ እጁ አንስቶ ክብደቱን ለሰው የሚያሳይ። ማኑ ከእሱ ጋር መጋለብ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው።

"ጋሽ ወልዴ፣ እግዜር ይማርዎ" አለና ፊት የሚደፋበት፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ትራስ አስቀመጠልኝ። "ኦንላይን ኦርደር አድርጌው ነው። አንገትዎን ያሳርፍልዎታል።"

አመሰገንኩ። ትራሱ ጥሩ ነው። ሳላጋንን ልጻፈው፤ ጥሩ ነው።

ማኑ ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። "መምህር፣ እንግዲህ ለከርሞ እናርገዋ" አለ።

"አይሆንም" አልኩ። "ለእኔ ብለህ አትቅር። ሂድ።"

እንዲህ ሲባል መልሱ ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። "ያለ አንተማ አልሄድም" ይባላል። እኔ "ኧረ ሂድ" እላለሁ። እሱ ይምላል። እኔ እቆጣለሁ። በሦስተኛው እሸነፋለሁ፤ ለከርሞ ይቀጠራል።

ማኑ "እውነትህን ነው?" አለ።

"እውነቴን ነው።"

"እሺ፤ ይሁን እንግዲህ" አለ።

አለቀ። ነጩ ጫማ ትንሽ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰ። "በእርስዎ ቦታ እኔ ልሂድ እንዴ ጋሽ ወልዴ? ክፍሎቹ እንደሆኑ ቡክ ተደርገዋል። ደስ ካላለዎት ግን ይንገሩኝ።"

"ደስ ይለኛል እንጂ!" አልኩ ለወለሉ።

ሲወጡ ለባለቤቴ ለሙሉእመቤት ነገርኳት። "አንተ ሂድ አልከው፣ ሄደ። ምን ይሁን ታዲያ?" አለች። "ሠላሳ ዓመት ካናዳ የኖረ ሰው ሦስቴ እስክትምል አይጠብቅህም። ባስ ያመልጠዋል።"

ሰኔ 27

ቀና እንድል ተፈቅዷል። የታየኝ፦ አረፋው በብልቃጥ ውስጥ እንዳለ ውሃ ይወዛወዛል። ከላይ ቀጭን የጠራ መስመር።

ማኑ አልደወለም። ከሰዓት ሃይ ፓርክ ነበሩ፤ ፎቶ ልኳል። ስምዖን የማኑን መቀመጫ ከፍ አድርጎታል። እኔ በሜትር ለክቼ ነበር ያስተካከልኩት።

ሐምሌ 2

ማኑ ደወለ። "መምህር፣ ያቺን የመንገድ ማስታወሻህን አትሰጠኝም?"

"ስምዖን ስልኩ ላይ ሁሉ አለው አላልክም?"

"ስልክ ካንተ ይበልጣል? ያለ እሷ የት እገባለሁ!"

ይህን በማለቱ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከረቂቁ በጥሩ ወረቀት ልገለብጥ ተቀመጥኩ። አሥራ አራት ገጽ ነው፤ ሁሉም ቁጥር አለው። ለእያንዳንዱ ቀን፦ ርቀት፣ የመንገዱ ዓይነት፣ ውሃ የሚቀዳበት፣ ምግብ የሚገዛበት፣ ከደከመ ባቡር የሚይዝበት። በአማርኛ የጻፍኩት ለእሱ ብዬ ነው። በቀን አንድ ገጽ፤ ዓይኔ ከዚያ በላይ አይችልም።

ሐምሌ 12

ገጽ 11 ተጠናቀቀ። ከሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

የእኛ ጾም ነሐሴ አንድ ይገባል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 16 ትውላለች። ፈረንሳዮች ግን ያችኑ በዓል በእነሱ ኦገስት 15፣ በእኛ ነሐሴ 9 ያከብሯታል፤ የመንግሥት በዓልም ናት። ሐበሻ ይህን አያስበውም፤ ለእሱ በዓሉ ገና ሳምንት ይቀረዋል። ያን ቀን ደግሞ የሚያልፉት ከጉዞው ሁሉ ጭር ያለውን ክፍል ነው፤ ሃምሳ ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ትንንሽ መንደር፣ በእያንዳንዳቸው አንድ ዳቦ ቤት። ሁለቱም ይዘጋሉ። ማኑ ጠዋት ኢንሱሊን ይወጋል። የንስሐ አባቱ ሰዓት ከመጾም ነጻ አውጥተውታል፤ በየሦስት ሰዓቱ መብላት አለበት።

ስለዚህ በቀይ እንዲህ ጻፍኩ፦ "ዋዜማውን ማታ ግዙ። ዳቦ፣ ቴምር፣ ሁለት ጠርሙስ ጭማቂ። ነሐሴ 9 ምንም አይከፈትም። ውሃ ካለቀ ወደ መቃብር ቦታ ግቡ፤ በሩ አጠገብ ቧንቧ አይጠፋም።"

ሙሉእመቤት በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አነበበችው። "የሚሄዱት ለሽርሽር ነው ወይስ ለቀብር?" አለች።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ ዓይኔ ስለተሸፈነ ከምሰሶው ጀርባ ተቀምጬ። ማኑ ከሦስት አራት ሰዎች ጋር ቆሟል። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ትልቅ ነው።

"ወንድሜ፣ ብስክሌት የሚባለውን ያወቅኩት ዘንድሮ ነው! ማርሽ ምን እንደሚሠራ ስምዖን ነው ያሳየኝ።"

"መምህር አላስተማረህም እንዴ?"

"መምህርማ..." ሳቀ። "ከመምህር ጋር ስትሄድ በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ፈተና አለ። ጎማህን ንካ፣ ካርታህን አሳየኝ፣ ስኳርህን ለካ! አንድ ቀን ማርክ እንዳይሰጠኝ ብዬ ነው የፈራሁት።"

ሳቁ። ስምዖንም ነበረ። ስምዖን መሳቁን አላየሁም፤ የሳቀ ይመስለኛል።

ማኑ የልብስ ማስቀመጫው ጋ አገኘኝና "መምህር! የት ጠፋህ?" ብሎ አቀፈኝ። "እዚሁ ነበርኩ" አልኩት።

ሐምሌ 14

ገጽ 11 ላይ ታች ጥጉ ጋ ቀለም ነክቶታል። እንዲህ ያለ ነገር አልሰጥም። ሌላ ቀን ልገለብጠው ከጥቅሉ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ማርሽ ምን እንደሚሠራ አራት ጊዜ አስረድቼዋለሁ። ቀኑን መጥቀስ እችላለሁ።

ሐምሌ 22

የታየኝ፦ አረፋው ከግማሽ በታች ወርዷል። ከላይ መንገዱ፣ ትራሙ፣ የሰው ፊት ሁሉ ይታየኛል።

ገጽ 11ን አልገለበጥኩም። ጊዜ አለ።

ሐምሌ 29

ማኑ ወረቀቶቹን ሊወስድ መጣ። ስምዖን መኪና ውስጥ ይጠብቀው ነበር፤ ሞተሩን ሳያጠፋ። በላስቲክ ማኅደር ውስጥ አድርጌ ሰጠሁት። ሳይከፍት ግንባሩ ላይ አስነካውና ትከሻዬን ሳመኝ።

"ገጾቹን ቁጠር" ልለው ነበር። ግን ያ ፈተና ነው።

ቁጥሮቹን አላስተካከልኩም። ከአሥር ቀጥሎ አሥራ ሁለት ነው። መደበቅ የፈለገ ሰው ቁጥር ያስተካክላል። እኔ አላስተካከልኩም።

ሐምሌ 30

ሳይሄዱ እሰጠዋለሁ። ወይም በስልክ እነግረዋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ነሐሴ 3

ሄዱ። ኤርፖርት አልሸኘሁም። ዓይኔን ሰበብ አደረግኩ።

ነሐሴ 5

ፎቶ መጣ። ናንት፤ የመጀመሪያው የውሃ በር፣ ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚደረግበት። ማኑ በአዲስ ቢጫ ጃኬት። በቀኝ በኩል ያለውን ግንብ አውቀዋለሁ። ገጽ 2።

ነሐሴ 6

ሦስት ፎቶ። ዛፍ ከግራና ከቀኝ፣ ውሃው ጸጥ ብሎ፣ መንገዱ ነጭ ኮረኮንች። አንድም ሰው የለም። በውሃ በር ጠባቂው ቤት ደጃፍ ሰማያዊ አበባ። በድምፅ መልእክት ማኑ፦ "መምህር! ወፍ ብቻ ነው የሚሰማው! ስምዖን፣ እስቲ ዝም በል ይስማው።" ከዚያ ዝምታ፤ የጎማ ድምፅ በጠጠር ላይ። ከዚያ የሁለቱ ሳቅ።

አምስት ጊዜ ሰማሁት። ያ የእኔ ዝምታ ነበር።

ነሐሴ 7

መልስ አልጻፍኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ነሐሴ 8

ነገ በዓል ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነሳሁ፤ በእነሱ ከቀትር በኋላ ነው፣ ሱቅ ክፍት ነው። "ዛሬ ማታ ምግብ ግዙ" ብዬ ስልኩ ላይ ጻፍኩ። አልላክሁትም፤ በደንብ ማብራራት አለብኝ ብዬ። ከዚያ መስኮቶቹን አጸዳሁ። ሁሉንም። የመጽሐፍ መደርደሪያውን በፊደል ተራ ደረደርኩ፤ ድሮም ተደርድሮ ነበር።

ሙሉእመቤት፦ "ምን ሆነህ ነው የምትቁነጠነጠው? የምጥ ቀን የደረሰባት ሴት መሰልክ እኮ።"

"ምንም።"

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። ተኝተዋል። የተኛ ሰው አይቀሰቀስም። ደግሞም ስምዖን ስልክ አለው፤ ስልኩ ሁሉን ያውቃል ተብሏል። ይየው።

ነሐሴ 9

ሐኪም ቤት። አረፋው ጠፍቷል። "ኮንግራቹሌሽንስ" አለችኝ። አውሮፕላን መሳፈር እችላለሁ።

ፎቶ የለም። አራት ሰዓት፤ የለም። ስድስት ሰዓት፤ የለም። ደወልኩ። አያነሳም። ደወልኩ። ደወልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስምዖን ደወለ።

"ጋሽ ወልዴ፣ አይደንግጡ። ደህና ነው። አሁን ደህና ነው።" "ሁሉ ነገር ዝግ ነው ጋሽ ወልዴ። አንደኛው ዳቦ ቤት ዝግ፣ ሁለተኛውም ዝግ። ምን እንደሆነ አናውቅም። የያዝኳትን ጣፋጭ ጠዋት ጨርሰናት ነበር፣ እንገዛለን ብለን። አላበው፤ ንግግሩ ተምታታ። እኔን 'መምህር' ይለኛል። ከዚያ ወደቀ። በጀርባዬ ተሸክሜው ነው እስከ ውሃው በር የደረስኩት። አንዲት አሮጊት ስኳር በውሃ በጥብጣ በማንኪያ በማንኪያ... አምቡላንስ እስኪመጣ..."

የማደርገው ስላልነበረኝ ጊዜውን ጠየቅኩት። የወደቀው በስንት ሰዓት እንደሆነ።

ሙሉእመቤት ከወንበሩ አንስታኝ ነው አልጋ ላይ ያስቀመጠችኝ። የምታውቀው ግማሹን ብቻ ነው።

ነሐሴ 10

የማኑ ድምፅ። "መምህር፣ አፈር ስሆን፣ እንዳትቆጣ። የራሴ ጥፋት ነው።"

ነሐሴ 16፣ ፍልሰታ

ጉዟቸውን አቋርጠው ትናንት ገቡ። ማኑ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣ። ብቻውን። ከስቷል፤ ክንዱ ላይ መርፌ የተሰካበት ቦታ ጠቁሯል። ዓርብ ስለዋለች ዶሮው ለነገ ቀርቶ ሽሮ አብረን በላን። ከዚያ ማኅደሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

"ገጽ 11 የለም" አለ። "ሆስፒታል ተኝቼ ነው የቆጠርኩት። አሥር አለ፣ አሥራ ሁለት አለ። የዚያች ቀን ገጽ ነው የጠፋው።"

ማኅደሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከልኩት።

"ማኅደሩ የነበረው ስምዖን ቦርሳ ውስጥ ነው። ሲያወጣ ሲያስገባ ነፋስ ወስዶበታል። ብጠይቀው 'ከመጀመሪያውም አልነበረም' አይለኝም? ጮህኩበት! ነርሷ እስክትመጣ ጮህኩበት። 'ምንም ይሁን ምን፣ መምህር ገጽ የሚዘል ሰው አይደለም' አልኩት።"

ሙሉእመቤት ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። እኔን ነው የምታየው።

"ከእንግዲህ ከሱ ጋር የለሁበትም" አለ ማኑ። "በአውሮፕላን ሰባት ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ቃል አላናገርኩትም። ለከርሞ አንተና እኔ፣ መምህር። በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ፈትነኝ።"

ምን እንደተሰማኝ ልጻፈው፤ ለዚህ ነው ደብተር ያለው። ደስ አለኝ። አፍሬ አይደለም፣ ደንግጬ አይደለም፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ኀፍረቱ የመጣው ማኑ ከወጣ በኋላ፣ ሳህኖቹን ሳነሳ ነው።

ነሐሴ 18፣ እሁድ

ስምዖን ቅዳሴ አልመጣም። አዳራሹ ውስጥ አንዱ "ሰውዬውን ሊገድለው ነበር አሉ፤ ወረቀት እንኳ አጥፍቶበት" ሲል ሰማሁ። ሌላው "ድሮስ ብስክሌቱ እንጂ ልቡ የት አለ" አለ። ተሸክሞት እንደሮጠ የተናገረ የለም። እኔም አልተናገርኩም።

ቤት ስደርስ ከስምዖን መልእክት ነበረ፦ "ጋሽ ወልዴ፣ ማስቸገሬ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ገጽ 11 ማኅደሩ ውስጥ ነበረ? እኔ ጥዬው ከሆነ ልወቀው። እንቅልፍ አጣሁ።"

ሙሉእመቤት አነበበችው። መሳቢያውን ከፈተች፣ ገጹን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የት እንዳለ ታውቅ ነበር። ጥጉ ላይ ያለውን ቀለም በጣቷ አሳየችኝ፤ የምስር ፍሬ አያክልም።

"ለዚች ነው?" አለች።

ነሐሴ 19

ማኑ፣

ይህን ገጽ ለአንተ እጽፈዋለሁ፤ ጽፌ ስጨርስ በስልክ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ። ለስምዖን እውነቱን ቀድሜ ጽፌ ልኬለታለሁ፣ ሐሳቤን እንዳልቀይር።

ገጽ 11ን ስምዖን አልጣለውም። እኔ ጋ ነው። ማኅደሩን ከመስጠቴ በፊት አውጥቼዋለሁ። ቀለም ነክቶት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ውሸት ነው። ያወጣሁት በሐምሌ 14 ነው፤ አዳራሹ ውስጥ በእኔ ስትስቅ በሰማሁ ማግስት። ሱቁ እንደሚዘጋ አውቅ ነበር። መርፌህን አውቅ ነበር። በዋዜማው አሥር ሰዓት ሙሉ ስልኩ እጄ ላይ ነበር፤ መስኮት አጸዳሁ። እንድትወድቅ አልፈለግኩም። የፈለግኩት ተርባችሁ፣ ተቸግራችሁ "መምህር ቢኖር ኖሮ" እንድትሉ ነበር። እስከዚያች ድረስ ብቻ ነው ያሰብኩት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ላለማሰብ ተጠነቀቅኩ።

ሂድ ስልህ የምትቀር መስሎኝ ነበር። ቃሌን አምነህ ሄድክ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ጥፋቱ የስምዖንም አይደለም። ነፍስህን ያተረፈው እሱ ነው፤ ዛሬውኑ ደውልለት፣ እኔን ከመቆጣትህ በፊት። እሁድ አዳራሹ ውስጥ እውነቱን በሰው ፊት እናገራለሁ፤ እሱን አንተ ይዘኸው ና።

ለከርሞ ያልከውን እንደተባለ አልቆጥረውም። የተናገርከው ለሌላ ሰው ነው፤ ገጽ ለማይዘለው።

ስደበኝ፣ ደጄ አትድረስ በለኝ፤ የፈለግከውን በለኝ፣ ዝም ብቻ አትበለኝ። ይህ እንደደረሰህ፣ ዛሬ ከመተኛትህ በፊት መልስ ስጠኝ።

ወልደ ሚካኤል